የአይሱዙ ክላክስ

ሞተሩ ደረቁ ወንዝ መሃል ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ያበላሸችው ነዒማ ራሷ ነች።

ነዒማ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነች። የክትባት ሳጥኗን ከኋላ አስራ፣ ከሸዋ ሮቢት ወጥታ ቆላውን በሞተር ስታካልል ትውላለች። ግመል ደግሞ ለሞተር ጡሩምባ መንገድ አይለቅም። ስለዚህ ባለፈው ጁምዓ የአሮጌ አይሱዙ ክላክስ ፈልጋ አመጣች፤ ግቢዋ ውስጥ ቁጭ ብላ በቤት መብራት ገመድ ገጠመችው። ስትሞክረው ፊውዙ ተቃጠለ። የማስቲካ ብርማ ወረቀት ጠቀለለችበትና መልሳ ሰካችው። ሠራ።

ጋራዥ ያልወሰደችው ጋራዡ የሙሀሲን ስለሆነ ነው።

ሙሀሲንን ያወቀችው ከሁለት ዓመት በፊት፣ ጎማ ተንፍሶባት መንገድ ዳር የቆመች ቀን ነው። ጎማውን ሠራላት። «ሰንሰለቱን አጥብቀኸዋል» ብላ ተጣላችው። አላላው፤ ከዚያ ቀና ብሎ አያት። አስተያየቱን ይዛ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሞተሯ ምንም ሳይሆን ጋራዥ ትመላለስ ጀመር።

ከኢድ በኋላ «ሽማግሌ ልላክ?» አላት።

«አባቴ እምቢ ብሏል።»

አባቷ ግን ወሬውንም አልሰማም። ጓደኛዋ ሩቂያ አግብታ ሥራዋን ከተወች ወዲህ፣ ኒካህ በተባለ ቁጥር ለነዒማ የሚታያት የሞተሩ ቁልፍ ከእጇ ሲወሰድ ነው። በጋራዡ በር ማለፍም ተወች።

ዛሬ ግን የምትደውልለት ሌላ ሰው አጣች። የግመል አርቢው የሼህ አብዱረዛቅ ግመሎች ወንዙ ውስጥ መንገድ ሲዘጉባት ክላክሱን ነፋችው። አንዴ ጮኸ፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፣ ሞተሩ ጠፋ፣ ጎማው አሸዋ ውስጥ ሰመጠ። ብትገፋው አልንቀሳቀስ አለ።

ሙሀሲን በባጃጅ መጣ። ባጃጁ ዳር ላይ አውርዶት ተመለሰ። «አሰላሙ አለይኩም» ብሎ ሞተሩ አጠገብ ተንበረከከ።

«ምን ነካካሽ?»

«ክላክስ ብቻ።»

«ይሄ ክላክስ ነው? ይሄማ ደሴ ድረስ ይሰማል።»

ሼህ አብዱረዛቅ ከወንዙ ዳር ሳቁ። «ግመሌ መኪና መጣብኝ ብላ ልትተኛ ነበር እኮ!»

«ፊውዙስ?» አለ ሙሀሲን።

ፊውዙ ያለው ከክትባት ሳጥኑ ስር ነው። እሱን ለማየት ሳጥኑ መፈታት አለበት። ነዒማ የማስቲካውን ወረቀት እንዳያይባት ፈራች፤ አሸዋውን አየች።

«ጠዋት ቀይሬዋለሁ። አዲስ ነው።»

አመናት። የባትሪውን ገመድ አየ፣ የቁልፉን ማብሪያ ፈትቶ ገጠመ፣ ካንዴላውን ነቅሎ አጽድቶ መለሰ። ምንም የለም። አሁንም ሌላ ቦታ ፈለገ፤ ፊውዙን ግን አልነካም።

ነዒማ ወደ ደብረ ሲና በኩል ቀና አለች። ተራራው የለም። ከጣርማ በር ጀምሮ ጥቁር ደመና ውጦታል። እዚህ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። ቆላ ያደገ ሰው ይህን ሰማይ ያውቀዋል፤ እዚህ ጠብ ሳይል፣ እዚያ የዘነበው መጥቶ ይወስዳል።

«ሙሀሲን፣ እንውጣ።»

«አንድ ደቂቃ።»

«ሞተሩን ተወው አልኩህ!»

«ይሄ ሞተር ላንቺ ምን እንደሆነ አውቃለሁ» አለ ቀና ሳይል። «ትቼውማ አልወጣም።»



ቀዝቃዛ ነፋስ መጣ፤ እርጥብ አፈር ይሸታል። ግመሎቹ ሁሉም አንገታቸውን ወደ ወንዙ ላይኛው በኩል አዞሩ። ከዚያ ድምፁ ተሰማ፤ ድንጋይ ከድንጋይ እየተላተመ ሲወርድ።

ሼህ አብዱረዛቅ ብድግ አሉ። «ልጆች! ደራሽ ውሃ መጣ! ውጡ!»

ክንዱን ይዛ ጎተተችው። አልተነሳም። የሚሞተው እሷን አምኖ ነው።

«ዋሽቼሃለሁ!» ብላ ጮኸች። «ፊውዙ አዲስ አይደለም፤ የማስቲካ ወረቀት ጠቅልዬበት ነው! ገመዱም የቤት ገመድ ነው፣ በታንኩ ስር ነው ያሳለፍኩት!»

አንዴ ብቻ አያት። ከዚያ የሳጥኑን ማሰሪያ ቆረጠና ሳጥኑን በማንገቻው አንገቷ ላይ አንጠለጠለላት። ታንኩ ስር እጁን ሰደደ። የቀለጠው ገመድ ጣቱን ላጠው፤ ጥርሱን ነክሶ መንጭቆ አወጣው። ከኪሱ ፊውዝ አውጥቶ ሰካ።

«ቁልፉን!»

አረንጓዴዋ መብራት በራች። ሦስተኛው ርግጫ ላይ ሞተሩ ተነሳ።

«ቢስሚላህ በይና ንጂ! እኔ እገፋለሁ!»

ጎማው አሸዋ እየረጨ ተነቀለ። ዳር ወጥታ ስትዞር ሙሀሲን ከኋላዋ የለም። ወንዙ ውስጥ ነው፤ ውሃው ጉልበቱ ደርሷል።  ሼህ አብዱረዛቅ ዱላቸውን ዘረጉለት። ያዘ። ጎተቱት። ከጀርባው ግንድ የተሸከመ ቀይ ውሃ አለፈ፤ ሞተሩ ቆሞ የነበረበትን ቦታ ይዞት ሄደ።

ሼህ አብዱረዛቅ «አልሐምዱሊላህ» ብለው ወደ ግመሎቻቸው ዞሩ።

ሁለቱ መሬት ላይ ተቀመጡ። ነዒማ የሻርፗን ጫፍ ቀድዳ የተላጠ ጣቱን ጠቀለለችለት። ሦስቴ ፈትታ አሰረችው።

«ሌላስ የዋሸሽኝ አለ?» አላት።

«አለ።»

ቀና ብላ አየችው።

«አባቴ እምቢ አላለም። አልነገርኩትም።»

 «ለምን?»

«ሞተሩን ታስተወኛለህ ብዬ ፈራሁ።»

«እኔ?» ዞሮ አያት። «አንቺ ሞተር ካቆምሽ፣ እኔ ጋራዡን ለማን ልክፈተው?»

 ስልኳን አወጣችና አባቷ ጋ ደወለች።