ግራጫው ላይ የተነሳው መስመር

ሆኗል። ያላመነኝን ሰው አልፈርድበትም፤ እኔም ከሌላ ብሰማው አላምንም ነበር።

አዳማ ውስጥ ነው። በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ።

እህቴ ሶሲ ከመቂ በሚኒባስ ስትመጣ አዲስ ሹሩባ ተሠርታ፣ ቅባት ተቀብታ ነበር።

"ምን አድርገሽ ነው? ቅባት ካለ የምርመራው ሽቦ አይጣበቅም እኮ።"

"የጭንቅላት ምርመራ ስትዪኝ ፎቶ የምታነሺኝ መስሎኝ ነዋ። አስቀያሚ ሆኜ ልነሳ?"

ሳቅን። ወስጄ በሳሙና አጠብኳት።

ሶሲ ሽንኩርት ነጋዴ ናት። ከክረምት ወዲህ ዓይኗ እየደከመ ሄዶ፣ አሁን ሰው እጇን ይዞ ነው የሚወስዳት። ሐኪሙ የነገረን አንድ ነገር ነው፦ "አንጎሏ ምስል የሚቀበል ከሆነ ዓይኗን እናክማለን። ካልሆነ አታድክሟት።"

ይህን የሚለካው ማሽን ያለው እኔ የማስተርስ ጥናቴን በምሠራበት ክፍል ነው።

እንዲቀበል ፈለግኩ... በጣም ፈለግኩ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ስክሪን ላይ ጥቁርና ነጭ ካሬዎች ቦታ ይቀያየራሉ። ከጭንቅላት በስተኋላ፣ የምናየው ነገር የሚደርስበት የአንጎል ክፍል ላይ፣ ሽቦዎች ይለጠፋሉ። አንጎል ምስሉን ሲቀበል ኮምፒውተሬ ላይ አንድ መስመር ይነሳል። ከዚያ ጥቁሩንም ነጩንም አፈዛለሁ። ልዩነታቸው ባነሰ ቁጥር መስመሩም ያንሳል። ሁሉም ግራጫ ሲሆን ይተኛል።

እስከዚያ ቀን ድረስ የሰው ሁሉ እንደዚያ ነበር።

የሶሲ መስመር በደማቁ ምስል ተኛ።

አፈዘዝኩት። ትንሽ ተነሳ።

ሽቦዎቹን ነካካሁ። ደግሜ አፈዘዝኩት። ጨመረ...

ስክሪኑ ባዶ ግራጫ ሲሆን መስመሩ ጣሪያ ነካ።

"ሚልኪ..." አለች በሹክሹክታ።

"ወዬ?"

"ጋዋንሽን አዛንፈሽ ቆልፈሻል።"

ዝቅ ብዬ አየሁ። እውነቷን ነው።

እኔ ግን የቆምኩት ከኋላዋ ነበር።

"ከየት ሆነሽ አየሽኝ?"

"ከፊት ለፊት፣ ከስክሪኑ በኩል። ራሴንም አያለሁ... ሹሩባዬ አመድ መስሏል። እንዲህ አድርገሽ ነው ያጠብሽኝ?"

እንባዬ መጣ። ታያለች... እህቴ ታያለች።

"ሚልኪ... ለምንድነው የምትርቁት?"

"እነማን?"

"አንቺና እኔ። ትንሽ እየሆናችሁ ነው።"

እጄ ወደ ማጥፊያው ሄደ።

"አታጥፊው። ካጠፋሽው በየት እመለሳለሁ?"

እጄን ሰበሰብኩ። ደማቁን ምስል መለስኩ። መስመሩ ወደቀ።

"ጨለመ... የት ሄድሽ? ሚልኪ..."

ቶሎ ግራጫውን አመጣሁ።

"አለሁ" አለች። ድምጿ ቀጥኗል። "አሁን የሽንኩርት ፍሬ ታክላላችሁ።"

ብተወው ትርቃለች። ባጠፋው... አላውቅም። ጌታ ሆይ፣ አንድ ነገር አድርግ አልኩ።

መብራት ጠፋ።

ጄኔሬተሩ ሲነሳ ሶሲ ሽቦዎቹን ከራሷ ላይ ነቅላ ጠረጴዛው ላይ ደርድራቸው ነበር።

"እንሂድ" አለች።

ደረጃውን ማንም ሳይዛት ወረደች።

መቂ እቤታችን ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ተዘመረ። እማዬ እያለቀሰች ሳመችኝ።

"ምነው አንቺ ደስ አላለሽም?"

"ደስ ብሎኛል" አልኳት።

ግን ሶሲ መጋዘን ውስጥ አምፖል ሳታበራ ሽንኩርት ትለያለች። የበሰበሰ አንድም አያመልጣትም። ከዚያ ቀን ወዲህ ሚልካ ትለኛለች እንጂ እንደ ድሮዋ ሚልኪ ብላኝ አታውቅም።

አንድ ቀን ጋዋኔን ሆን ብዬ አዛንፌ ቆልፌ ፊቷ ቆምኩ።

አየችው። ዓይኗን ሳትነቅል አየችው።

አልሳቀችም።

ትናንት ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ማሽኑ ክፍል ገባሁ። ሽቦዎቹ ማንም ራስ ላይ ሳይሆኑ መስቀያቸው ላይ ተንጠልጥለዋል። ስክሪኑን ግራጫ አደረግኩት።

መስመሩ ተኝቷል።

ጠበቅኩ... ተኝቷል።

ስክሪኑ ፊት ቆምኩ። የጋዋኔን ቁልፎች ፈታሁና አዛንፌ ቆለፍኳቸው።

መስመሩ ተነሳ።