የግራ እጅ ጓንት

የማርላ ኪንኬድ ሥራ ማስታወስ ነበር። ሆሊውድ ውስጥ ስንት ዓይነት እንጀራ አለ፤ የእሷ ይኸው ነው። ካሜራው አጠገብ ትቀመጣለች፣ ጽሑፉን ጭኗ ላይ ትዘረጋለች፣ ተዋናዩ ብርጭቆውን በየትኛው እጁ እንደያዘ፣ ኮሌታው ምን ያህል እንደተከፈተ ትመዘግባለች። ቀረጻው ከምሳ በኋላ ሲቀጥል ሁሉም እንደነበረ መገኘት አለበት። ተዋናይ ቃል ሲጠፋበት ከጽሑፉ አንብባ የምታቀብለውም እሷ ናት።

ከዌስ ሃርገን ጋር ያገናኛት ይኸው ሥራዋ ነው። ዌስ ያኔ የሃያ ሰባት ዓመት ወጣት ነበር። የመጀመሪያውን የቴሌቪዥን ድራማ ሲያዘጋጅ ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተለጥፏል።

ማርላ ሌላው እንዳይሰማ ጠጋ አለችው። «ይቅርታ፣ ሰውዬው ቅድም የተመታው ቀኝ ትከሻውን ነው። አሁን ግን ግራውን ይዞ ነው የሚያቃስተው።»

«ምነው ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ?»

«ቁስሉ ወደ ቦታው ይመለስ እንደሆነ ብዬ ጠበቅኩ።»

ዌስ ሳቀ። ሲስቅ ልጅ ይመስላል፤ እሷም ያንን ሳቅ ወደደችለት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳቸውን አብረው መብላት ያዙ። ስቱዲዮው ጓሮ የትም የማያደርስ የእንጨት ደረጃ ነበር፤ ለአንድ ፊልም ተሠርቶ የተረሳ። እሱ ላይ ተቀምጠው ዳቧቸውን እየተካፈሉ፣ ዌስ ወደፊት ስለሚሠራቸው ፊልሞች ያወራል፤ እሷ ዝም ብላ ታየዋለች።

«አንድ ቀን የራሴ ቢሮ ይኖረኛል» አላት አንዴ።

«እኔስ የት ነኝ?»

«አጠገቤ ነሻ። ያላንቺ እኔ የቱ ቁስል የት እንደነበር በምን አውቃለሁ?»

በተዋወቁ በስምንተኛው ወር ሊጋቡ ተስማሙ። ድግስ የለ፣ ምን የለ፤ አርብ ጠዋት በአራት ሰዓት ፍርድ ቤት ቀርበው ሊፈራረሙ ነው። ማርላ ሰማያዊ ቀሚስና ነጭ ጓንት አድርጋ፣ ታናሽ እህቷን ሎይስን ምስክር ይዛ ሄደች። ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ዌስ አልመጣም።

ያን ቀን ማለዳ ስልክ ተደውሎለት ነበር። አንድ ዳይሬክተር ሆስፒታል ገብቷል፤ ትልቅ ፊልም ዛሬውኑ የሚረከብ ሰው ይፈለጋል። ዌስ መኪናውን አስነስቶ ወደ ስቱዲዮ በረረ። ይሂድ ግድ የለም፣ ዕድል ነው። ግን ፍርድ ቤት ደውሎ መልእክት መተው ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ሁለቱ እህትማማቾች ከቀኑ አሥር ሰዓት ድረስ ተቀመጡ። ዘበኛው በር ሊዘጋ መጥቶ ነው የተነሡት።

በአራተኛው ቀን አበባ ይዞ መጣ። «ሥራውን ታውቂዋለሽ አይደል፣ ማርላ። አርብ እንደሆነ ሞልቷል።»

ማርላ አንዲት ቃል ጠበቀች። ይቅርታ እንዲላት ብቻ። ቢላት ይቅር ልትለው ቆርጣ ነበር፤ አፍ አውጥቶ ግን አላለም። በሩን ከፈተችለት፤ ወጥቶ ሄደ።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። ዌስ ከዳይሬክተርነት ፕሮዲውሰር ሆነ፣ ከቴሌቪዥን ወደ ሲኒማ ተሻገረ፣ ሁለት ጊዜ አግብቶ ሁለት ጊዜ ፈታ። ማርላ አላገባችም። ጠያቂ ጠፍቶ አይደለም፤ ሆድ ይፍጀው።

ከዚያ ከዌስ ቢሮ ተደወለላት። ራሱ ጽፎ ራሱ ለሚያዘጋጀው የቴሌቪዥን ፊልም ይፈልጋታል። ሎይስ «እንዳትሄጂ» ብላት ነበር። ሄደች። ምናልባት ዕድሜ አብስሎት ያቺን ቃል ሊላት ይሆናል ብላ ነው የሄደችው።

ጽሑፉን ስትገልጥ ፍርድ ቤት አገኘች። አግዳሚ ወንበር፣ የምትጠብቅ ሴት። በመጨረሻዋ ደቂቃ ሰውየው እየሮጠ ይደርሳል፤ ይጋባሉም።

ያ ትዕይንት በሚቀረጽበት ቀን ተዋናዩ ቃሉ ጠፋበት።

«ማርላ፣ አቀብዪው» አለ ዌስ።

ማርላ አነበበች። «ይቅርታ አድርጊልኝ። ያስጠበቅሁሽን ዕድሜ ልኬን ብክስሽ አይበቃም።» ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የጠበቀችውን ቃል በገዛ ድምፅዋ ሰማችው።

ተዋናይቷ ወንበሩ ላይ ሆና ጠየቀች፦ «ጓንቱን እንዳደረግሁ ነው የምጠብቀው?»

«አዎ፣ ሁለቱንም» አለ ዌስ።

«የግራውን አውልቃዋለች» አለች ማርላ።

ዌስ ዞረ። «ጽሑፉ ላይ የለም እኮ።»

«የለም። ቀለበት ግን በጓንት ላይ አይጠለቅም። ገና ስትቀመጥ አውልቃ በቀኝ እጇ ጨበጠችው። የፍርድ ቤቱ በር እስኪዘጋ ድረስ መልሳ አላጠለቀችውም።»

ዌስ መነጽሩን አወለቀ። ዓይን ለዓይን ተያዩ። አሁን ነው የሚለኝ፣ አለች በሆዷ።

«ይህን አላውቅም ነበር» አለ ቀስ ብሎ።

«ከየት ያውቃሉ? እርስዎ አልነበሩም።»

ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ወደ ተዋናይቷ ዞረ። «የግራውን አውልቂው። ግሩም ነው፤ እንጠቀምበታለን።» ሲያልፍ የማርላን ትከሻ መታ መታ አደረገ። «ዛሬም አቻ የለሽም» አላት።

ማርላ እርሳሷን አንሥታ ጻፈች፦ የግራ ጓንት ወልቋል፤ በቀኝ እጅ ተጨብጧል።

ፊልሙ በመስከረም አንድ እሑድ ታየ፤ ብዙ ሰው አስለቀሰ። እንዳለቀ ሎይስ ደወለች።

«እየሮጠ መጣ ይላል እንዴ? ኧረ ይሄ ሰውዬ አያፍርም! አጠገብሽ የነበርኩት እኔ አይደለሁ?»

«ተዪው፣ ሎይስ።»

ሎይስን አንድ ነገር ትዝ አላት። «ጓንትሽን ግን እንዴት አወቀ? ከእኔና ካንቺ በቀር ያየ የለም።»

«እኔ ነኝ የነገርኩት።»

«ምን ልሁን ብለሽ?»

«ስህተት እንዳይኖርበት ብዬ» አለች ማርላ። «ከዚያ ቀን ለእኔ የቀረችኝ ያቺ ጓንት ብቻ ነበረች፣ ሎይስ። እሷንም ሰጠሁት።»