ስምንት ደቂቃ በቀዝቃዛው ክፍል

«አልበረደኝም» አለች ሩታ። ጥርሶቿ ግን ሌላ ነገር እየተናገሩ ነበር።

ቀይ የመኝታ ከረጢት ውስጥ እስከ አገጯ ገብታ፣ በጽጌረዳ ባልዲዎች መካከል ወለል ላይ ተጋድማለች። የአበባ እርሻው ቀዝቃዛ ክፍል አራት ዲግሪ ነው። አበቦቹ ውጭ አገር ሳይደርሱ እንዳይፈነዱ በዚያ ብርድ ይጠበቃሉ። እዚያ የምትሠራው እናቷ ተስፋነሽ ከነካፖርቷና ከነጓንቷ አጠገቧ ቆማ የስልኳን ሰዓት ትመለከታለች።

«ስንት ደቂቃ ሆነ?»

«ስምንት።»

«አየሽ? ምንም አልሆንኩም።»

ተስፋነሽ ጓንቷን አወለቀች፣ ዚፑን ከግርጌ ከፈት አደረገችና የልጇን የእግር ጣቶች ያዘች።

«በረዶ ሆነሻል። ውጪ።»

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከአንዲት ቃል ነው። ባለፈው ማክሰኞ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ኃላፊው መምህር ፍቅረሥላሴ፣ በኅዳር መጨረሻ የክበቡ ልጆች ሱሉልታ ተራራ ላይ ድንኳን ተክለው ሁለት ሌሊት እንደሚያድሩ ሲናገሩ ክፍሉ በጩኸት ሊፈርስ ደረሰ። ቀጥለው ግን «ስሊፒንግ ባግ፣ ማለትም የመኝታ ከረጢት፣ የሌለው አይሄድም። ሰኞ ይዛችሁ ኑ፣ አያለሁ» አሉ።

«ሩታ በብርድ ልብስ ተጠቅልላ ትመጣለች» አለች ቲቲ፤ ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ቲቲ ክፉ ልጅ አይደለችም። ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ የሩታ ጓደኛ ናት፤ ምላሷ ብቻ ከእሷ ቀድሞ ይነቃል። አባቷ ከአዲስ አበባ ያመጣላትን ቀይ ስሊፒንግ ባግ ፎቶ ለሁሉም አሳይታለች።

«እኔም አለኝ» አለች ሩታ በእልህ።

አልነበራትም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ ከዚያ በኋላ ያለው አማራጭ አንድ ብቻ ሆነ፦ እስከ ሰኞ መግዛት።

እቤት ደግሞ ሌላ ተራራ ጠበቃት። ሩታ አምና የሳንባ ምች ይዟት ሰበታ ሆስፒታል ሁለት ሳምንት ተኝታለች። እናቷ ያንን አልረሳችም።

«ሰው በቁሙ ከረጢት ውስጥ ይገባል?» አለች ተስፋነሽ መጀመሪያ። ብዙ ቆይታ ግን «ብርድ የማያስገባ ከሆነ ትሄጃለሽ። ካስገባ ግን አልቅሰሽም አትሄጂም» ብላ ጨረሰችው።

ቅዳሜ ጠዋት ዓለም ገና አስፋልት ዳር ሰልባጅ የሚሸጠው ወንዲ ጋ ሁለት ከረጢቶች አገኙ። አንዱ ቀይ፣ ቀላል፣ የሚያብለጨልጭ፣ የቲቲ ቁርጥ ነው። ሌላው አረንጓዴ፣ ከባድ፣ ዚፑ የተበላሸ፣ መጋዘን መጋዘን የሚሸት። ቀዩ አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር ተባለ፤ ሩታ የጎረቤት ልጆችን ሒሳብ እያስጠናች ያጠራቀመችው ልክ ያንኑ ነበር። አረንጓዴው በአራት መቶ ይረክሳል።

«ቀዩ ቀሽት ነው» አለ ወንዲ። «አረንጓዴው ያው፣ የወታደር ነገር ነው።»

የሩታ ልብ ቀዩ ውስጥ ገብቶ ዚፑን ዘግቷል። «እማዬ፣ ይሄው፣ ከዜሮ በታች አምስት ዲግሪ ይችላል ብሎ ተጽፎበታል።»

«እኔም ቀኑን ሙሉ ካርቶን ላይ ወረቀት ስለጥፍ ነው የምውለው» አለች ተስፋነሽ። «ወረቀት አያሞቅም።» ወደ ወንዲ ዞረች። «ወንድሜ፣ ገንዘቡን ያዝ። ሁለቱንም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስጠን። ያልሆነውን እንመልሳለን።»

«የት ልትሞክሩት ነው እናቴ? ፀሐይ እኮ ነው።»

«ብርዱን እኛ እናውቅበታለን» አለችው።

እንዲህ ነው ሩታ ጽጌረዳዎች መካከል የተኛችው።

አሁን ከቀዩ ወጥታ እግሮቿን እያሻሸች ዕንባዋን ያዘችው። ቀዩን ነበር የፈለገችው። ከቲቲ ጎን ዘርግታው፣ ማንም ከማን የማይለይበትን ፎቶ በሐሳቧ አንስታ ጨርሳ ነበር።

«በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» አለች እናቷ ቀዩን ስታጥፍ፤ ድምፅዋ ውስጥ ግን ቁጣ አልነበረም።

የቀዝቃዛው ክፍል ጠባቂ ኦቦ ጉደታ በር ላይ ቆመው ሲያዩ ቆይተዋል። የጠዋቱ መኪና አብዛኛውን አበባ ጭኖ ስለሄደ ክፍሉን ለአንድ ሰዓት የፈቀዱት እሳቸው ናቸው። ባዶ ካርቶን ዘርግተው ወለሉ ላይ አነጠፉ።

«እኔ ሱሉልታ ነው ያደግሁት» አሉ። «እዚያ ብርድ ከላይ አይመጣም፤ ቀድሞ የሚነክስሽ መሬቱ ነው። ኮቱ፣ ነይ፣ እዚህ ላይ ተኚ።»

«ለቀዩስ ለምን አላነጠፉለትም ነበር?» አለች ሩታ እንዳኮረፈች።

ኦቦ ጉደታ ሳቁ። «እውነት ብለሻል። ፍርድ ይስተካከል።» ቀዩንም ካርቶኑ ላይ ዘርግተው እንደገና አስገቧት። ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ራሷ ወጣች። ማንም ውጪ አላላትም።

አረንጓዴው ውስጥ ስትገባ ክብደቱ ላይዋ ላይ ተኛ። ዚፑ ስለማይዘጋ እናቷ በመርፌ ቁልፍ ያዘችው። አምስት ደቂቃ ምንም አልነበረም። አሥር ደቂቃ ላይ ከእግር ጣቶቿ አንድ ሙቀት ተነሣ፤ ወደ ጉልበቷ ወጣ፣ ሆዷ ጋ ደረሰ። ሩታ ስለ ሽታው ልታጉረመርም አፏን ከፈተች፤ ከዚያ በኋላ ያለውን አታስታውስም።

«ሩታ! ሩታ!»

ዓይኗን ስትገልጥ እናቷ አፍንጫዋ ቀልቶ እግሮቿን እያፈራረቀች መሬቱን ትረግጣለች።

«ስንት ደቂቃ ሆነ?»

«አርባ። እኔ ልሞት ነው፣ አንቺ ታንኮራፊያለሽ።» ተስፋነሽ መርፌ ቁልፉን ፈትታ እጇን ከታች አስገባች። የልጇን እግር ያዘች፤ አለቀቀችውም። «ከምጣድ የወጣ ዳቦ» አለች ቀስ ብላ። ከዚያ ዓመት ሙሉ ያልሳቀችውን ሳቅ ሳቀች። «ጌታ ይመስገን። ትሄጃለሽ።»

ሩታ ከነከረጢቷ ተነሥታ በባልዲዎቹ መካከል እየዘለለች ክፍሉን ዞረችው። ደስታዋ ለአራት ዲግሪ በጣም ትልቅ ነበር። ኦቦ ጉደታ «ባዬ ጋሪዳ! በጣም ጥሩ ነው! አበባውን ብቻ እንዳትጥዪ!» እያሉ ከኋላዋ ሮጡ።

ቀዩ ለወንዲ ተመለሰ። በተረፈው ገንዘብ ልብስ ሰፊዋ ብዙነሽ ለአረንጓዴው ከአሮጌ ጃኬት የወጣ ሰማያዊ ዚፕ ገጠመችለት።

ሰኞ ሁሉም ከረጢቱን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋ።

«ይሄ ምንድነው በናትሽ? የጤፍ ጆንያ?» አለች ቲቲ።

መምህር ፍቅረሥላሴ እጃቸውን አረንጓዴው ውስጥ አስገብተው ቆዩ። «ሩታ፣ ይሄ ያሞቃል?»

«አርባ ደቂቃ፣ በአራት ዲግሪ ተኝቼበታለሁ፣ መምህር። አበባ እርሻው ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ።» ትንሽ አመነታች። «ማክሰኞ አለኝ ያልኩት ግን ውሸት ነበር። የገዛሁት ቅዳሜ ነው።»

ከኋላ ወንበር አንዱ ልጅ «አራዳ!» አለና ጭብጨባው ተከተለ። መምህሩ ፈገግ ብለው ስሟን ከዝርዝሩ አናት ላይ ጻፉት። ሩታ ጆሮዋ ድረስ ሞቃት፤ ይሄኛው ሙቀት ከከረጢቱም በለጠ።

ቀጥሎ የቲቲ ተራ ነበር። ያው ቀይ፣ ያው ጽሑፍ፣ ያው አምስት ቁጥር። መምህሩ አንብበው «ጥሩ ነው» አሉና አለፉ።

ሩታ የራሷን ከረጢት እያጠፈች ቀዩን ታየው ነበር። ሱሉልታ ላይ፣ እኩለ ሌሊት፣ ጥርሷ የሚንቀጫቀጨው ቲቲ ብትሆንስ? ደስ የሚል ሐሳብ ነበር። ብዙ ግን አልቆየም፤ የእግር ጣቶቿ ያንን ቀይ ከረጢት ያስታውሱታል።

ከክፍል ሲወጡ ደረጃው ላይ ጠበቀቻት።

«ቲቲ፣ ቅዳሜ ስሊፒንግ ባግሽን ይዘሽ እኛ ቤት ነይ። እናቴ መሥሪያ ቤት እንሄዳለን።»

«ለምን?» ቲቲ ቀዩን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «የእኔ እኮ አዲስ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ቀኑን ሙሉ ነው?»

«አይደለም» አለች ሩታ፣ አረንጓዴውን ትከሻዋ ላይ እያስተካከለች። «ስምንት ደቂቃ ይበቃል።»