ለሦስት ኮምፒውተር አንድ ዲስክ

ሱፍያን ቀፎውን ከከፈተው ኮምፒውተር ሥር ተዘርሮ ተገኘ። ለጁምዓ ሶላት የታጠበው እግሩ ገና አልደረቀም ነበር። ጣቶቹ ተቃጥለዋል፤ የኮምፒውተሩ ሶኬት ግን ከግድግዳው ተነቅሏል።

መካነ ሰላም ያለው ይህ ቤት የሠርግ ቪዲዮ ያቀናብራል። የወንዶቹን ሱፍያን፣ የሴቶቹን እህቱ ፈይዛ ይሠራሉ። ሴቶቹ ሻሻቸውን ጥለው የጨፈሩትን ወንድ ማየት ስለሌለበት የፈይዛ ክፍል ይቆለፋል፤ ቁልፉም አንገቷ ላይ ነው። ባንኮኒው ላይ ከሳውዲ የተመለሰው ሸሪካቸው አዩብ ይቀመጣል። የሦስቱም ኮምፒውተር ኮሪደሩ ላይ ካለ አንድ ትልቅ ዲስክ ጋር በገመድ ተያይዟል።

ኢንስፔክተር በዛች ስትደርስ ፈይዛ በካቴና ታስራ ነበር።

«የፈይዛ ኮምፒውተር ቀፎው ይነዝራል» አለ ኮንስታብል አለኸኝ። «መብራቱ በዲስኩ ገመድ አልፎ ነው ወንድሟን የገደለው። ቁልፉ ደግሞ ያለው እሷው ጋ ብቻ ነው።»

«ወንድምሽን በላሽው!» ብላ ጮኸች የሟች ሚስት ሀጀራ።

«ወላሂ ገና ከቤት መምጣቴ ነው!» አለች ፈይዛ። «‹የሴቶቹን ምስል የሚሰርቅ አለ፤ ከሶላት መልስ ለሽማግሌ እናገራለሁ› ብሎኝ ነበር ሱፍያን።»

በዛች ወደ አዩብ ዞረች። «አንተስ ቅድም የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ሠርግ እየገለበጥኩ።»

«ከምን ላይ?»

«ከዲስኩ ነዋ! የሴቶቹን ክፍል ደጁንም ረግጬ አላውቅ።»

በዛች ዲስኩን ጎንበስ ብላ አየችው፤ ከሦስቱ ገመዶች አንዱ ተነቅሏል። ከፈይዛ ክፍል የሚወጣውን የመብራት ሽቦ ተከትላ ባንኮኒው ሥር ገባች። ስትወጣ ጉልበቷ አቧራ ለብሷል። ሁሉንም ሰበሰበቻቸው።

«ገዳዩ የማንንም ቁልፍ አልፈለገም። የፈይዛ ክፍል መብራት የሚያገኘው ከዚህ ባንኮኒ ሥር ነው። ከኮምፒውተሩ ቀፎ ጋር የሚገናኘውን የመሬት ሽቦ እዚህ ከመብራቱ ጋር አጋብቶታል። ሱፍያን ዓርብ ዓርብ ኮምፒውተሩን ነቅሎ አቧራ ያራግፋል። የራሱን ነቀለ፤ የእህቱ እንደተሰካ ነው።»

«ባንኮኒው ሥርማ ማንም ይገባል» አለ አዩብ።

«ይገባል። ግን በዲስኩ የሄደው መብራት ሦስቱንም ኮምፒውተር ነበር የሚይዘው። የራሱን ኮምፒውተር ገመድ አስቀድሞ ከዲስኩ የነቀለ አንተ ብቻ ነህ። ታዲያ ከየትኛው ዲስክ ነው የምትገለብጠው?»

አዩብ ወደ በሩ አፈገፈገ።

«ክፍሉ ነው እንጂ የተቆለፈው ዲስኩ መች ተቆለፈ» አለች በዛች። «ሌባው አንተ ነህ። ሱፍያንም ደርሶብህ ነበር።»

አለኸኝ ካቴናውን ከፈይዛ ፈቶ አዩብን አሰረው።

«ምስሉን የት አደረስከው?» አለች ፈይዛ፣ የተላጠ እጇን እያሻሸች።

አዩብ ፈገግ አለ። «ባሕር ከተሻገረ ቆየ እኮ። ያንቺም አለበት፤ የሀጀራም።»

ሀጀራ ልቅሶዋን አቋርጣ ሻሿን ሳበችና ፊቷን ሸፈነች።