ሻሼ ጫፍ የቋጠርኋት መርፌ

ይህ የሆነ ነገር ነው።

ሰው አውርቶልኝ አይደለም። እኔው ራሴ፣ ፀሐይወርቅ፣ በእጄ ይዤ ያየሁት ነው። "ሴት ስለ ሽጉጥ ምን ታውቃለች?" የምትሉ ካላችሁ ከአሁኑ ውጡልኝ። አሥራ ሁለት ዓመት በሠራዊቱ የመሣሪያ ጥገና ክፍል ሠርቻለሁ። አሁን ባሕር ዳር፣ ፔዳ አካባቢ፣ የብረት ሥራ ቤት አለኝ።

ደግሞም ሌሊት አልነበረም። ጠራራ ፀሐይ ነበር። ባለፈው ዓመት ግንቦት፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት...

ታናሽ ወንድሜ ይትባረክ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዞ ገባ። በሩን ከኋላው ዘጋው።

"እታለም... ይችን እይልኝ።"

"ምንድን ናት?"

"ቀስ በይ! ሰው ይሰማል።"

ጨርቁን ፈታሁት። ሽጉጥ ናት። እጀታዋ ወደ ኋላ ያጋደለ፣ አፈሙዟ ቀጭን፣ መቀርቀሪያዋ ከላይ እንደ ጉልበት የሚታጠፍ። ሉገር ይሏታል፤ የድሮ የጀርመን ወታደር ሽጉጥ።

"ከየት አመጣሃት?"

"ገዛኋት። ትሠራለች ወይስ አትሠራም? እሱን ብቻ ንገሪኝ።"

ፈታታኋት። ጀርመኖቹ በእያንዳንዱ ክፍል ላይ የሽጉጡን ቁጥር የመጨረሻ ሁለት አሃዝ ይመቱበታል። ሁሉም አንድ ከሆነ ሽጉጡ ከፋብሪካ እንደወጣ ነው። ካልሆነ ከሌላ ተለቅሞ ተገጥሞበታል።

እጀታው... ሠላሳ ስድስት።

አፈሙዙ... ሠላሳ ስድስት።

መቀርቀሪያው... ሰማንያ ሁለት።

አፈሙዙን ገልብጬ ሳየው ክው አልሁ። ከሥሩ ትንሽ መስቀል ተፍቃበታለች።

ያችን መስቀል የፋቅኋት እኔ ነኝ። በአሥር ዓመቴ፣ በሚስማር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባታችንን የገደለው ተክለ ጊዮርጊስ የሚባል ጎረቤታችን ነው። በእርሻ ድንበር ተጣልተው፣ አባቴ ታንኳው ላይ እንዳለ ደረቱን መታው። በዚችው ሽጉጥ። በኋላ ሽማግሌ ገባና ደሙ ደረቀ። መሪጌታ ወልደ ሐዋርያት፣ የደብራችን አዛውንት፣ ሽጉጧን በሁላችን ፊት ፈታቷት። እጀታውን ለገዳይ ቤት ሰጡ። አፈሙዙን ለእኛ ቤት። መቀርቀሪያውን ግን ጣና ውስጥ ወረወሩት።

"እጀታውና አፈሙዙ አንድ ቤት ካላደሩ ደም አይፈስም" አሉ። "ይኸኛውን ሐይቁ ይዞታል። ካልጠሩት አይመጣም።"

እናታችን አፈሙዙን ሳጥኗ ውስጥ አኖረችው። ስትሞት ለእኔ አደራ አለችኝ። ሠላሳ ዓመት ማንም አልነካውም።

"ከሳጥኔ ሰረቅኸኝ" አልሁት።

ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

"እጀታውንስ?"

"...ከሣህሉ ቤት።"

"መቀርቀሪያውንስ?"

"እሱ የሌላ ነው። ገዛሁት።"

ሣህሉ የተክለ ጊዮርጊስ ልጅ ነው። አባቱ ከሞተ ቆይቷል። እሱ ጣና ላይ የሞተር ጀልባ ይነዳል። ከእርቁ በኋላ እንደ ወንድማችን ሆኖ አደገ። የይትባረክን የበኩር ልጅ ክርስትና ያነሣው እሱ ነው። ወንድሜ አበልጁ ቤት በልቶ፣ ጠጥቶ፣ ሰርቆ ወጣ። የበላበትን ወጪት ሰባሪ!

"ልትገድለው ነው?"

"ጠጅ ቤት ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ? 'የአባቱን ገዳይ ልጅ አበልጅ አድርጎ ይኖራል' ይሉኛል።"

"ለሰካራም ወሬ ብለህ?"

"ወንድ ብትሆኝ ይገባሽ ነበር።"

ደሜ ፈላ። አጠገቤ መዶሻ ነበር። እግዜር ነው የያዘኝ።

ከዚያ ግን አሰብሁ። ሽጉጧን ብሰባብራት ሌላ ይፈልጋል። ብከለክለው ሌላ ባለሙያ ጋ ይወስዳታል። እንደማትሠራ በገዛ ዓይኑ ካየ ግን ልቡ ይበርድ ይሆናል።

"ከጓሮ ውኃ ቅዳልኝ" ብዬ አስወጣሁት።

በካቻቢቴ የመቀርቀሪያውን ጀርባ ሩብ ዙር አዞርሁት። መርፌዋ ወጣች። ጥይቱን ከኋላ የምትወጋው እሷ ናት፤ ያለ እሷ ሽጉጥ ማለት ተራ ብረት ነው። ሻሼ ጫፍ ላይ ቋጠርኋት። ሁለቴ ቋጠርኋት።

ከዚያ ሣህሉ ጋ ደወልሁ።

"የት ነህ?"

"ከሐይቁ ማዶ፣ ደልጊ ነኝ እታለም። ዓሣ እየጫንሁ ነው። ምነው?"

"እስክደውልልህ ድረስ እንዳትመጣ።"

"እሺ... ውኃ ዳር ነሽ እንዴ?"

"ኧረ ሥራ ቤት ነኝ።"

"የውኃ ድምፅ ይሰማኛል... በአንቺ በኩል።"

ስልኩ ተቋረጠ።

ሽጉጧን ልገጥም አፈሙዙን ሳነሣው ውኃ ጠብ አለ። በዘይት ጨርቅ ጠረግሁት። እንደገና ጠብ አለ። ሽታው የበሰበሰ የሐይቅ ደንገል ነው።

ተናድጄ ስለነበር ነገሬ ብዬ አላየሁትም። ንዴት ያሳውራል።

ይትባረክ ሲመለስ "ተኩሰን እንሞክራት" አልሁትና ባጃጅ ይዘን ከከተማው ወጣን። በዘጌ መንገድ በኩል ሰው የማይደርስበት የሐይቅ ዳር አለ። አሥር ሰዓት ገደማ ደረስን። ይትባረክ ሦስት ጥይት አጎረሳትና ሰጠኝ።

"አንቺ ተኩሻት። አንቺ ነሽ የምታውቂው።"

ሐይቁን ደጋግሜ አየሁት። ታንኳ የለም። ጀልባ የለም። ሰው የለም። ውኃው እንደ ቆርቆሮ ያበራል። ስንመጣ ይንጫጩ የነበሩት ወፎች አሁን ዝም ብለዋል።

በግራ እጄ ሻሼን ዳሰስሁ። መርፌዋ አለች።

በቀኜ ወደ ባዶው ውኃ አነጣጠርሁ። ቀጭ ብላ ዝም ትላለች፣ እሱም አፍሮ ይመለሳል ብዬ ቃታውን ሳብሁ።

ጓ!

እጄ ወደ ላይ ተወረወረ። የጥይቱ ቀለህ ጉንጬን መትቶኝ ወደቀ።

ጥይቱ ውኃውን ሲመታ አላየሁም። የገደል ማሚቶም አልመለሰም። ድምፁ አንድ ቦታ ገብቶ የቀረ ነው የሚመስለው።

"ትሠራለች!" ይትባረክ ሳቀ። "ትሠራለች እታለም!"

ሻሼን ፈታሁት። ቋጠሮው እንዳለ ነው። ፈትቼ መዳፌ ላይ አደረግኋት። መርፌዋ እዚሁ ናት።

አሳየሁት። ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ።

"ታዲያ... በምን ተኮሰች?"

ስልኬን አወጣሁና ሣህሉ ጋ ደወልሁ። ድምፁን ብቻ መስማት ፈለግሁ።

ጠራ...

ሌላ ስልክ ደግሞ ከሐይቁ በኩል ጠራ። ከደንገሉ ኋላ።

ዘጋሁት። ያኛውም ዝም አለ።

እንደገና ደወልሁ። እንደገና ጠራ። አሁን ቀርቧል።

የሞተር ድምፅ ተሰማ። ጀልባዋ ደንገሉን ከፍላ ቀስ ብላ መጣች። በጎኗ "ጸሎት" የሚል ተጽፎባታል፤ የሣህሉ ልጅ ስም ነው። ከደልጊ እዚህ በእሷ አምስት ሰዓት ይፈጃል። ካነጋገርሁት ሁለት ሰዓት አልሞላም።

ሞተሩ ይሠራል። ሰው ግን የለባትም።

ዳሩን ገጭታ ቆመች።

ይትባረክ በጉልበቱ ጭቃው ላይ ወደቀ። "አልገደልሁትም" አለ። "እኔ አልገደልሁትም እታለም..."

እውነቱን ነው። ቃታውን የሳብሁት እኔ ነኝ።

ደልጊ ያሉት ዓሣ ጫኞች እስከ ዛሬ ይምላሉ። ሣህሉ አሥር ሰዓት ላይ አብሯቸው ነበር፣ ጀልባዋም ታስራ ነበር ይላሉ። "የሚጠራኝ ሰው አለ" ብሎ ወደ ውኃው ዳር ወረደ። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም።

ያን ዕለት ግን ይህን ገና አላወቅሁም። ውኃው ውስጥ ገብቼ ጀልባዋን ጎትቼ ወደ ውስጥ አየሁ።

ስልኩ መቀመጫው ላይ ነበር። ስሜ ይበራበታል።

ከስልኩ ጎን አንድ ብረት ተቀምጧል። ዝገት የለበትም። ውኃ ይንጠባጠባል።

እንደ ጉልበት የሚታጠፍ መቀርቀሪያ ነው። አገላበጥሁት። መሪጌታ ጣና ውስጥ የወረወሩት እሱው ነው።

ሠላሳ ስድስት።

መርፌ የለውም።