ገብስ የጾም ነው

ኢንስፔክተር ሰዓደት ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ሱሪዋን እስከ ጉልበቷ ጠቅልላ ነው ሬሳው ያለበት ሕንፃ የደረሰችው። የነሐሴ ዝናብ ከጠዋት ጀምሮ ሲወርድ ውሎ ወንዙ ሞልቷል፤ ወደ ገላን ኮንዶሚኒየም የሚያስገባውን መንገድም ቆርጦታል። ጣቢያው መኪና መላክ ስላልቻለ ሁለት ብሎክ አልፋ ለምትኖረው ለሰዓደት ደውሎ «አንቺው ድረሺበት» አላት። ቅዳሜ የዕረፍት ቀኗ ነበር። ሞት ግን የማንን ዕረፍት አክብሮ ያውቃል?

አራተኛ ፎቅ ላይ የቤቱ ጌታ ዘአማኑኤል ሳሎኑ መካከል ተዘርሯል። ዕድሜው ሠላሳ ስምንት፣ ሥራው የጉምሩክ ትራንዚተርነት፣ ጠባዩም ጨዋታ ወዳድ ነበር። ዓይኑ የታሰረበት ሻሽ ተንሸራቶ ግንባሩ ላይ ቀርቷል። ከታችኛው ፎቅ የመጣች ነርስ «መርዝ ነው። ከጠጣ በኋላ ሩብ ሰዓት አልቆየም» ብላ አንሶላ አልብሳው ወርዳለች።

ሰዓደት የብረት በሩን ከውስጥ ቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ከተተች።

«ከዚህ ቤት ማንም አይወጣም።»

«ወዴትስ ይወጣል?» አለ ጎረቤታቸው ፍቅሩ በመስኮቱ ቁልቁል እያየ። ግቢው ባሕር ሆኗል፤ የቆሙት መኪኖች እስከ በራቸው ሰጥመዋል።

እንግዲህ አራት ሰዎች፣ አንዲት ሕፃንና አንድ ሬሳ በዚያች ጠባብ ሳሎን ተዘጋባቸው። ከአራቱ አንዱ ገዳይ ነው። እርስ በርስ ላለመተያየት ሬሳውን ያያሉ፤ ሬሳውን ላለማየት ደግሞ ጠረጴዛውን።

ጠረጴዛው ላይ አምስት ጠርሙሶች ስማቸው እንዳይታይ ካልሲ ለብሰው ተደርድረዋል። ጨዋታው የዘአማኑኤል ነበር። በየጊዜው ያጠራቀማቸውን የውስኪ ዓይነቶች፣ አይሪሹንም ቡርቦኑንም ስኮቹንም፣ ወዳጆቹን ጠርቶ ዓይናቸውን በሻሽ አስሮ ያስቀምሳቸዋል፤ እሱም አብሯቸው ይታሰራል። በማሽተትና በመቅመስ ብቻ የትኛው የቱ እንደሆነ መለየት ነው። «ፍልሰታ አይደለም ወይ?» ሲባል አጎቱ ጋሼ ወልደየሱስ «ውስኪ ገብስ ነው፤ ገብስ የጾም ነው» ብለው ፈረዱ። ቡርቦኑ ከበቆሎ ነው ቢሏቸው «በቆሎም የጾም ነው» አሉ። ብቻ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይሁን።

የሚቀዳው ሰው መጠጥ የማይቀምስ መሆን ነበረበት። ስለዚህ የቀዳችው ሚስቱ ጋዲሴ ናት፤ ጴንጤ ናት፣ አልኮል በአፏ አይዞርም። ዛሬ ይሄው ጨዋነቷ ጠላቷ ሆነ። ጠርሙሱን የያዘች፣ ሲኒውን ያደለች፣ ዓይኗም ያልታሰረ እሷ ብቻ ናት።

የሰዓደት ስልክ ጮኸ። የጣቢያው አዛዥ ነበር።

«ውኃው እየጎደለ ነው። አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ መኪና ይደርሳል። የቀዳችውን ሴት ይዘሽ ጠብቂ።»

«የምትጠባ ልጅ አለቻት፣ ጌታዬ።»

«ለዘመድ ትስጣት። ከሷ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?»

ድምፁ ከስልኩ አፈትልኮ ሳሎኑን ሞላው። ጋዲሴ የሰባት ወር ልጇን ደረቷ ላይ አጣበቀች።

«እኔ እዚህ ዘመድ የለኝም» አለች፤ ለማን እንደምትናገር ግን አላወቀችም።

ልጅቷ ትኩሳት ይዟት ታለቅሳለች። ጋዲሴ የሽሮፕ ጠርሙስ ከመደርደሪያ አወረደች። ከጠረጴዛው ላይ ትንሿን የፕላስቲክ መለኪያ አነሳች፤ ቧንቧው ከሐሙስ ጀምሮ ደርቋልና ውስጧን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ሽሮፑን ልትቀዳ ስትል ሰዓደት እጇን ያዘቻት።

«ውስኪውን የለካሽው በዚህች ነው?»

«አዎ። ዘአማኑኤል ‹እኩል ቅጂ› ስላለኝ ነው። ቤት ውስጥ መስመር ያላት መለኪያ እሷ ብቻ ናት።»

«አምስተኛውንም?»

«ሁሉንም።»

«ለልጅቷ በማንኪያ ስጫት» አለች ሰዓደት። መለኪያዋን በፌስታል ቋጥራ ያዘች።

ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ኩሽና ጠራቻቸው። መጀመሪያ ጋዲሴ ገባች።

«አምስተኛው ምን ይመስል ነበር?»

«ወፍራም፣ ቡናማ። እኔ ስለ መጠጥ ምን አውቄ? አምስት ጠርሙስ አየሁ፣ አምስት ዙር ቀዳሁ።»

ሰዓደት ከጠረጴዛው ይዛው የገባችውን የአምስተኛውን ጠርሙስ ካልሲ ገፈፈች። ከወተት ጋር የተቀላቀለ የክሬም ውስኪ ነበር፤ ጾመኛ የማይነካው።

«ባልሽ አይጾምም?»

«የጨጓራ መድኃኒት ጀምሮ ዘንድሮ ትቶታል። ይሄን ለራሱ ነው የገዛው፤ ሰሞኑን ከፍቶ ይቀምሰው ነበር። ለካ ለእንግዶቹ መቅዳት አልነበረብኝም…» እንባዋ መጣ። «ሲጠጣው ሳቀ። ‹ይቺስ የእኔ ናት!› አለ።»

«በዚህ ሳምንት ቤታችሁ ማን መጣ?»

«ሦስቱም መጥተዋል።»

ፍቅሩ የእህል መጋዘን ኃላፊ ነው፤ የአይጥ መርዝ ለሱ ብርቅ አይደለም።

«ከዘአማኑኤል ጋር ተጣልታችሁ ነበር።»

«በሮቶ! ኮሪደሩን ዘግቶ ሮቶ ቢያቆም ተጨቃጨቅን፣ ታረቅን። በውኃ ማጠራቀሚያ ሰው ይገደላል፣ ኢንስፔክተር?»

«አምስተኛውን ጠጣኸው?»

«ጠጣሁ። የሰው ጽዋ ይመለሳል እንዴ?» አለና ከጄሪካኑ ሦስተኛ ብርጭቆ ውኃ ቀዳ። ከንፈሩን ደጋግሞ ይልሳል። ሸሚዙ እጅጌ ላይ የደረቀ ቡናማ እድፍ አለ።

እድላዊት ሠላሳ ዓመት ያልሞላት የጉምሩክ ሠራተኛ ናት። ሥራ ያፈላለገላት ዘአማኑኤል ነበር።

«አባቴን መኪና ገጭቶ ካመለጠ ወዲህ እንደሱ ያሰበልኝ ሰው የለም» አለች።

«ዛሬ የተለየ ነገር ተናግሮ ነበር?»

«ዓይናችንን ስንታሰር ‹ከመጨረሻው ዙር በኋላ የምነግራችሁ ነገር አለኝ፤ በተለይ ለእድላዊት› አለ።»

«አምስተኛውን ጠጣሽው?»

«አዎ… ጠጣሁ።» ከንፈሯ አብጧል፤ ቃሉ አፏ ውስጥ ይጎተትባታል። በያዘችው ሻሽ ጫፍ ላይ ያው ቡናማ እድፍ ነበር።

በመጨረሻ ጋሼ ወልደየሱስ ከወንበራቸው ሲነሱ ፍቅሩና እድላዊት አብረዋቸው ብድግ አሉ። ሬሳ ባለበት ቤትም ቢሆን ለሽማግሌ መነሳት አይቀርም። ጋሼ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሾፌር ናቸው። ዘአማኑኤልን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው፤ በወጣትነቱ ረዳታቸው ነበር። ቆሎ እየቆረጠሙ ገቡና በመሐረብ ተናፈጡ።

«ይቅርታ ልጄ፣ ይሄ ጉንፋን አልለቀኝም።»

«አምስተኛውን ጠጡት፣ ጋሼ?»

«የወንድሜ ልጅ የሰጠኝን እምቢ እላለሁ?» አሉና አዘኑ። ሐዘናቸው የእውነት ይመስል ነበር። የእውነትም ነበር።

ሰዓደት ወደ ሳሎን ተመለሰች። ከጋሼ ወንበር አጠገብ በጣሳ የተተከለ ጤና አዳም አለ። አፈሩ በቡናማ ዝቃጭ ተነክሯል፤ ዳር ዳሩን ጉንዳኖች ሞተዋል። ቀጥላ ጋዲሴ የቀማሾቹን ቃል የጻፈችበትን ደብተር ገለጠች። አራተኛው ዙር ጭስ ጭስ የሚለው ስኮች ነበር። ፍቅሩ «የተቃጠለ ጎማ» ብሏል። እድላዊት «ጭስ፣ እንደ ክሊኒክ ሽታ» ብላለች። ዘአማኑኤል «ስኮች ማለት ይሄ ነው!» ብሏል። ወልደየሱስ «ምንም አይሸተኝም» ብለዋል።

ሰዓደት ደብተሩን ይዛ ሁሉንም በሬሳው ዙሪያ አስቀመጠቻቸው። ዝናቡ ቆሟል፤ ከሩቅ የመኪና ድምፅ ይሰማል። ጋዲሴ ድምፁን ስትሰማ ልጇን ይበልጥ አቀፈች።

«እኔ መጠጥ አልቀምስም፤ ፍልሰታንም አልጾምም» አለች ሰዓደት። «ረመዳንን ግን እጾማለሁ። ጾመኛ ሰው ሳያስበው ያልተፈቀደ ነገር ምላሱን ቢነካው ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ይተፋዋል። ፍቅሩ፣ እጅጌህ ላይ ተፋህ። እድላዊት፣ አንቺ ሻሽሽ ላይ።»

ፍቅሩ አንገቱን ደፋ። «ወተት መሆኑን ምላሴ ነገረኝ። የባለቤቱን ጽዋ ተፋሁት ማለት ግን አሳፈረኝ።»

«እኔም» አለች እድላዊት።

«እፍረታችሁ ይህችን እናት ሊያሳስራት ነበር። ሁላችሁም ጠጥታችሁ አንድ ሰው ብቻ ከሞተ፣ መርዙ የነበረው በሱ ሲኒ ብቻ ነው፤ ሲኒውን የሰጠችው ደግሞ እሷ ናት። ግን ውሸት ነው። የሁለታችሁም ከንፈር ተቃጥሏል። መርዙ የነበረው ጠርሙሱ ውስጥ ነው።»

«ጠርሙሱስ ቢሆን በእጇ አልነበረም?» አሉ ጋሼ ወልደየሱስ በዝግታ።

ሰዓደት ፌስታሉን ከፍ አድርጋ አሳየች። «ጋዲሴ መርዙን የለካችው በዚህች ነው። ሳታጥብ፣ በነጠላዋ ጠርጋ ብቻ፣ በዚህችው ለልጇ ሽሮፕ ልትሰጥ ነበር። መርዝ እንዳለ የምታውቅ እናት እንዲህ ታደርጋለች?»

ጋዲሴ ገና አሁን ገባት። ልጇን ከደረቷ አላቃ አፏን፣ ዓይኗን፣ ጣቶቿን አየች፤ ከዚያ ጮክ ብላ አለቀሰች። እስካሁን ለባሏ እንኳ እንደዚያ አላለቀሰችም ነበር።

«እንግዲህ አንድ ሰው ቀረን» አለች ሰዓደት። «ጋሼ፣ እርስዎ ግን ጠጥተው ጾምዎን ገድፈዋል…»

«እኔ?» ሽማግሌው ከወንበራቸው ተነሱ። ፊታቸው ቀላ። «ስድሳ አራት ዓመቴ ነው፤ አንዲት ፍልሰታ ገድፌ አላውቅም! በእመቤቴ እምላለሁ፣ ከንፈሬን አልነካም! እዚያ ጣሳ ላይ ነው የደፋሁት!»

ሁሉም ወደ ጤና አዳሙ ጣሳ ዞሩ።

«አምንዎታለሁ» አለች ሰዓደት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ምላስዎ አልነካም። ዓይንዎ ታስሯል። አፍንጫዎ ተዘግቷል፤ ሁሉም የለየውን የአራተኛውን ጭስ እንኳ አልለዩም፤ ይኸው ደብተሩ። ታዲያ ሲኒው ውስጥ ያለው ወተት መሆኑን በምን አወቁ?»

ጋሼ ወልደየሱስ ወደ በሩ አዩ፤ ተቆልፏል። ወደ መስኮቱ አዩ፤ አራተኛ ፎቅ ነው። ተመልሰው ተቀመጡ።

«ለሱ ብቻ ነበር» አሉ። «‹ጾም ስለማልጾም ይቺን ለራሴ ነው የያዝኳት› ብሎኝ ነበር። ለናንተ ይቀዳል ብዬ አላሰብኩም። ሲኒው እጄ ላይ መጥቶ እሱ ‹ይቺስ የእኔ ናት!› ሲል…»

«ያኔ ዝም አሉ። ይህች ልጅ ወደ አፏ ስታነሳውም ዝም አሉ።»

«ጾመኛ ናት፣ ትተፋዋለች ብዬ…»

«ነፍስ የሚያህል ነገር አጥፍቶ ወተት መፍራት!» አለ ፍቅሩ።

እድላዊት ግን ሌላ ነገር ነው የያዛት። «ምን ሊነግረኝ ነበር?» አለች።

ሽማግሌው መሐረባቸውን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት ቃሊቲ መንገድ ላይ አባትሽን የገጨሁት እኔ ነኝ። ዘአማኑኤል ከጎኔ ነበር። ‹ወርደን እናንሳው› አለኝ፤ ነድቼ አመለጥኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከዚያች መኪና ወርጄ አላውቅም፣ ልጄ። እሱ ግን ‹ቅዳሜ እነግራታለሁ› አለኝ፤ ዛሬ ሊወርድ ነበር፣ እኔን ውስጧ ትቶ።»

«በሕይወት ነበር?»

ጋሼ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ መለሱ።

«አንተን ነው የምጠይቅህ። ጥለኸው ስትሄድ አባቴ በሕይወት ነበር?»

ሽማግሌውን አንተ ብሎ የደፈራቸው ሰው ከስንት ዓመት ወዲህ አልነበረም። አንገታቸውን ደፉ። መልሱ ያ ነበር።

ደረጃው ላይ የቦት ጫማ ኮቴ ተሰማ፤ የብረት በሩ ተንኳኳ።

«የቀዳችው ሴት የታለች?» አለ አንድ ድምፅ ከውጭ።

«ልጇን እያስተኛች ነው» አለች ሰዓደት ቁልፉን ከኪሷ እያወጣች። «የምንወስደው ሌላ ሰው ነው።»

በሩ ተከፈተና ቀዝቃዛ አየር ገባ። ጋሼ ወልደየሱስ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሱ። ልማድ ሆኖባቸው ለአፍታ ቆም ብለው ሰዎቹን ጠበቁ።

ማንም ብድግ አላለም።