ትልቁን ካሜራ የተወው ኤፍሬም

የኤፍሬም ሬሳ ከቆቅ ገደል ሥር የተገኘው አርብ፣ ኅዳር አንድ ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ነው። አራት ሰዓት ሳይሞላ የንፋስ መውጫ ሰው ፍርዱን ሰጥቶ ጨረሰ፤ «ራሱን ወርውሮ ነው» አለ። ወይ ሰው! የሞተ ሰው አይቶ አንዲት ሰዓት እንኳ አፉን መያዝ ያቅተዋል።

ለመሆኑ ማስረጃው ምንድን ነው? የፊዚክስ መምህሩ ኤፍሬም ሥራው ማስተማር፣ ፍቅሩ ፎቶ ማንሳት ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ከአንገቱ ያልለየውን ትልቅ ካሜራ፣ ከነሌንሶቹና ከነቦርሳው፣ በጥቅምት መጀመሪያ ለጓደኛው ለምንይችል ሸጠለት። ባለሦስት እግር ማቆሚያውን ለትምህርት ቤቱ ሰጠ። «የሚወደውን ዕቃ እንዲህ የበተነ ሰው ምን ሊጠብቅ ኖሯል?» ተባለ። የከተማው ፖሊስ ሳጅን ደሴም ይህንኑ ወረቀት ላይ አስፍሮ ማኅተም መታበት።

ያ ማኅተም የከበደው አባትዬውን ነው። መሪጌታ ገብረ ሥላሴ አርባ ዓመት ሙሉ የአገሩን ሙታን በፍትሐት ሸኝተዋል። ነፍሱን በገዛ እጁ ላጠፋ ሰው ደግሞ ፍትሐት እንደማይደረግ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም። ቄሰ ገበዝ ፊልጶስ በጓደኝነት ሊያግባቧቸው ሞክረው ነበር።

«የኔታ፣ ነገሩ ገና አልተጣራም። እኛ እንጸልይለት፤ የቀረውን እግዚአብሔር ያውቃል።»

«ለሰው ልጅ የከለከልኩትን ለልጄ አልፈቅድም» አሉ የኔታ። ዓይናቸው ደረቅ ነበር። ቀብሩ ለቅዳሜ ስድስት ሰዓት ተቀጠረ፤ ያለ ጸሎት።

ኢንስፔክተር ውባለም ጉዳዩን ለማጣራት ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከደብረ ታቦር ደረሰች። የእስቴ ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ፈጣን፣ ትዕግሥቷ አጭር። መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶባት አንድ ሰዓት ቆማለች፤ ስልኳ ኔትወርክ የለውም፤ አሁን ደግሞ ሳጅን ደሴ ፈገግ ብሎ ይጠብቃታል።

«እንኳን በደኅና መጡ፣ ኢንስፔክተር። በከንቱ ለፉ እንጂ ጉዳዩ ያለቀ ነው።»

«ማን ጨረሰው?»

«እኔ።»

«አየሁት። ሬሳው ሳይነሳ ነው የጨረስከው። ኪሱ ውስጥ ምን ተገኘ?»

«የሚረባ ነገር የለም። ሁለት የስልክ ባትሪ፣ መሐረብ፣ የሆነች ክዳን። ባትሪዎቹ በመሐረብ ተጠቅልለው ከሹራቡ ሥር፣ ከደረት ኪሱ ነው የወጡት።»

«ስልኩስ?»

«ይኸው።»

ውባለም ስልኩን አገላበጠችው። ጀርባው የማይከፈት፣ ባትሪው የማይወጣ ዓይነት ነው። ስልኩን ከባትሪዎቹ ጎን አስቀምጣ ሳጅኑን አየችው።

«እስቲ ባትሪውን ክተትልኝ።»

ሳጅን ደሴ ስልኩን አዞረ፣ ገለበጠ፣ በጥፍሩ ሞከረ። በመጨረሻ ጠረጴዛው ላይ መለሰው።

«አ... አይገባም።»

«አይገባማ! የስልክ ባትሪ ብለህ ግን ጽፈሃል» አለች፤ ክዳኗንም ይዛ ወጣች። ለቀብሩ አራት ሰዓት እንኳ አልቀራትም።

መጀመሪያ የሄደችው ወደ ታፈረ ፎቶ ቤት ነው። ታፈረ ሃምሳ ያለፈው ነጭናጫ ሰው ነው። ኤፍሬም የጓደኞቹን ሠርግ በነጻ ስለሚያነሳበት ሁለት ዓመት አላናገረውም ይባላል።

«ጋሼ ታፈረ፣ ከሟቹ ጋር ቂም ነበራችሁ?»

«ነበረን! እኔ በሥራዬ ልደር ስል እሱ በትርፍ ጊዜው እየመጣ ጉሮሮዬን ይዘጋዋል። እና ገደልኩት? አርብ ጠዋት የልደታን ቅዳሴ ሳስቀድስ ነበርኩ፤ የኔታ ራሳቸው አይተውኛል።»

«ይቺ ክዳን የምንድን ናት?»

ታፈረ ክዳኗን ተቀብሎ በአውራ ጣቱ አሻት፤ ቁጣው በረድ አለ።

«የትንሿ ካሜራው ናት። ማክሰኞ ለታ ይዞልኝ መጣ፤ ለመታረቅ ይመስለኛል። ከኪሱ ነው ያወጣት! ‹ያንን ድንጋይ ተሸክሜ ተራራ መውጣት አንገቴን አመመኝ፣ ጋሼ ታፈረ፤ ይቺ ውስጧ መስታወት ስለሌላት ቀላል ናት፣ ፎቶዋ ግን ከዚያኛው አያንስም› አለኝ። ‹ያለ መስታወት በምኗ ታያለች?› ብዬ ሳቅሁበት። አንድ ጥፋት ብቻ አላት አለ፤ ባትሪ ትጨርሳለች፣ ብርድ ሲሆን ደግሞ ይብስባታል።»

«ይህን ሁሉ ለምን ለፖሊስ አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ውባለም ክዳኗን ተቀብላ ወጣች። እውነቱን ነው።

የኔታ ግቢ ድንኳን ተጥሏል። ለቀስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያማል እንጂ አያለቅስም፤ እንዲህ ላለው ሞት እንዴት እንደሚለቀስም የሚያውቅ የለም። ጥር ላይ ኤፍሬምን ልታገባ የነበረችው ነርሷ ሣራ ከጓሮ ብቻዋን ተቀምጣለች። «ትታው ነው የሞተው» ስለሚባል ማንም አጠገቧ አልሄደም።

«ተጣልታችሁ ነበር?» አለቻት ውባለም።

«ሰኞ ተቆጣሁት። ሠርግ ደርሶብን ሌላ ካሜራ ይገዛል እንዴ? ‹ካሜራህን አግባ› አልኩት።» ሣራ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ለአርብ አጥቢያ ሌሊቱን ተረኛ ነበርኩ፤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ስወጣ ልታረቀው ነበር። በእኔ ነው እንዴ፣ እህቴ? እውነቱን ንገሪኝ።»

«እሱን ነው የምፈልገው። ጠዋት ጠዋት ገደሉ ጋ መሄድ ልማዱ ነበር?»

«የፀሐይ መውጫ ለማንሳት፤ ዝናብ ካልጣለ አይቀርም። ምንይችልም ያውቃል፤ ስንት ቀን አብረው ሄደዋል።»

ምንይችል ድንኳኑ ውስጥ ነበር። የግብርና ባለሙያ ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ዓይኑ በእንቅልፍ ማጣት የቀላ። ትልቁ ካሜራ ከአንገቱ፣ ቦርሳው ከእግሩ ሥር ነው። ገና ሳትጠይቀው ተናገረ።

«እኔ እዚህ ብኖር ኖሮ አድነው ነበር! ማክሰኞ ለመስክ ሥራ አርብ ገበያ ከተማ ወረድኩ፤ የተመለስኩት አርብ ከሰዓት ነው። ይኸው፣ ፎቶው ይመስክርልኝ።»

የካሜራውን ስክሪን ወደ እሷ አዞረ። የአርብ ገበያ አደባባይ በጠዋት ብርሃን ይታያል፤ ባዶ ነው፣ አንድ ውሻ ብቻ ያቋርጠዋል። ግርጌው ላይ ቀኑ 01/03/2010፣ ሰዓቱ 1:10 ይላል። ኅዳር አንድ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ከአሥር ማለት ነው። በሳጅኑ መዝገብ እንደተጻፈው፣ ውኃ የምትቀዳ ሴት ከገደሉ በኩል ጩኸት የሰማችው በዚያው ሰዓት ገደማ ነው።

«በእኛ አቆጣጠር ነው የተሞላው?»

«ኤፍሬም ነው፣ ጥቅምት ላይ ሲያስረክበኝ የሞላው። የፈረንጅ ቀን አይወድም ነበር። እኔ ነክቼው አላውቅም፤ መቀየሩንም አልችልበትም።»

«እስቲ አንድ ላንሳህ» አለች። ካሜራውን ተቀብላ ፊቱን አነሳችው፤ ስክሪኑን አየችና መለሰችለት። ውጭ ወጥታ አርብ ገበያ ልትደውል ሞከረች። ኔትወርክ የለም። አምስት ጊዜ ሞከረች፤ የለም። ስልኩን ልትወረውረው ምንም አልቀራት። አምስት ሰዓት ተኩል ሆኗል፤ ቃሬዛው በር ላይ ቀርቧል።

«ሬሳው እንዳይወጣ!» አለች ጮክ ብላ። «የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሩብ ሰዓት ይስጡኝ። ሁሉም እዚሁ ይቀመጥ።»

የኔታ በራፉ ላይ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ። ቄሰ ገበዝ ፊልጶስ፣ ታፈረ፣ ሣራ፣ ምንይችልና ሳጅን ደሴ ድንኳኑ ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ለቀስተኛው ከኋላ ታጨቀ።

«ኤፍሬም ራሱን አልገደለም» አለች ውባለም። «ዕቃውን የበተነው ዓለም በቅቶት አይደለም። ትልቁ ከብዶት በትንሽ ካሜራ ቀየረው፤ በቃ። ትንሿ ባትሪ ትጨርሳለች፣ ብርድም አትችልም። ኤፍሬም ሁለት ትርፍ ባትሪ በመሐረብ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ይዞ ነበር፤ እንዲሞቁለት። የሌንሱ ክዳን ኪሱ ውስጥ ነው፤ ካሜራዋ ተከፍታ እያነሳች ነበር ማለት ነው። ሊሞት የሄደ ሰው ባትሪ ያሞቃል?»

ሳጅን ደሴ ጫማውን ያያል።

«ታዲያ ካሜራዋ የታለች? ገደሉ ሥር የለችም። ሰው ወስዷታል፤ ኤፍሬም ሲወድቅ አጠገቡ የነበረ ሰው። ጠዋት የት እንደሚገኝ የሚያውቁት ጥቂት ናቸው። ጋሼ ታፈረ ቅዳሴ ላይ፣ ሣራ ተረኛ ነበሩ። ምንይችል ፎቶ አለው፤ ኅዳር አንድ፣ አርብ ገበያ።»

«አለኝ እንጂ!» አለ ምንይችል።

«የኔታ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

«ኅዳር ሁለት።»

«ከአንድ ሰዓት በፊት በዚያ ካሜራ ምንይችልን አነሳሁት። ካሜራው ዛሬን ስንት እንደሚል አንብብልን፣ ሳጅን።»

ሳጅን ደሴ ካሜራውን ተቀብሎ አፍጥጦ አየ። «04/03/2010... ኅዳር አራት ይላል። ሁለት ቀን ቀድሟል።»

«ለምን ቀደመ? ኤፍሬም ቀኑን በእኛ ሞላው፤ ማሽኑ ግን የፈረንጅ ነው። ሁለተኛው ወር ለእኛ ጥቅምት ነው፣ ሠላሳ ቀን። የፈረንጅ ሁለተኛ ወር ግን ሃያ ስምንት ቀን ብቻ ነው። ጥቅምት ሃያ ስምንት ሲያልቅ ካሜራው ሃያ ዘጠኝና ሠላሳን ዘሎ ኅዳር አንድ አለ። ስለዚህ ኅዳር አንድ የሚለው ፎቶ የተነሳው ጥቅምት ሃያ ዘጠኝ፣ ረቡዕ ነው። ምንይችል ቀኑን አልነካም፤ እዚህ ላይ አልዋሸም። የሚመቸው ቀን ተጽፎ ቢያገኝ ያዘው።»

«የማሽን ስህተት ነው! እኔ ምን አውቃለሁ!»

«ይሁን፣ ማሽኑን እንተወው። ጋሼ ታፈረ፣ አርብ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አርብ ገበያ አደባባይ ምን ይመስላል?»

ታፈረ ሳይወድ ሳቅ አመለጠው። «አርብማ ገበያው ነው! ባላገሩ ገና ሳይነጋ ነው አህያውን ጭኖ የሚገባው። መቆሚያ አይገኝም።»

«የምንይችል አደባባይ ላይ አንድ ውሻ ብቻ ነው ያለው። ቦርሳህን አራግፍ፣ ምንይችል።»

ምንይችል አልተንቀሳቀሰም። ሳጅን ደሴ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳያዘው ራሱ ተነስቶ፣ ያንን ትልቅ ቦርሳ ከፈተው። ለረጅሙ ሌንስ በተሠራው ክፍል ውስጥ፣ በካልሲ ተጠቅልላ፣ ማንገቻዋ የተበጠሰ ትንሽ ካሜራ ተገኘች። ሣራ ጮኸች።

«ሦስት ዓመት ለመንኩት» አለ ምንይችል፤ ድምፁ በቅጡ አይሰማም። «የአባቴን በሬ አሽጬ ገዛሁት። ሐሙስ ስመለስ ያቺን ከኪሱ አውጥቶ ሲያነሳ ከሩቅ አየሁት። የሰለቸውን ጭነት ነው እኔ ላይ ያራገፈው! እንደ አህያ። አርብ ጠዋት ሄጄ ጠየቅሁት። ‹አንተ እኮ ነህ ሽጥልኝ ብለህ መቆሚያ ያሳጣኸኝ› አለኝ። ተናደድኩ፤ ማንገቻዋን ይዤ ጎተትኩ። እሱም ወደ ኋላ ጎተተ፤ ተበጠሰ። አልገፋሁትም።»

«ገፋህ አልገፋህ ፍርድ ቤት ያየዋል። ወርደህ በሕይወት መኖሩን አይተሃል?»

«ፈራሁ። ሮጥኩ።»

«ካሜራዋን ግን ይዘህ ሮጥክ» አለች ውባለም።

ድንኳኑ በእሪታ ተናወጠ። ከትናንት ጀምሮ ታፍኖ የነበረ ለቅሶ ሁሉ አሁን ፈነዳ። ሴቶቹ ደረታቸውን ይመታሉ፤ ሲያሙ የዋሉትም ከሁሉ ይበልጥ ይጮኻሉ። ሣራን የሚደግፏት በዙ። ቄሰ ገበዝ ፊልጶስ ወጣ ብለው ዲያቆናቱን መስቀልና ጥላ እንዲያመጡ ላኩ፤ ተመልሰውም የየኔታን ክንድ ያዙ።

«እንግዲህ እግዚአብሔር ይመስገን፣ የኔታ። ፍትሐቱን እርስዎ ይጀምሩት።»

የኔታ ምንይችልን አዩት። ሳጅን ደሴ እጁን አስሮት ቆሟል።

«ልጄን መግደልህን ለእግዚአብሔርና ለዳኛ ሰጥቻለሁ» አሉት። «አንድ ቀን ሙሉ ድንኳኔ ውስጥ ተቀምጠህ፣ ነፍሱን አጠፋ እየተባለ ስትሰማ ዝም ያልከውን ግን እኔ አልረሳውም።»

ምንይችል አንገቱን ደፋ። የኔታ ወደ ቤት ገቡ፤ ቄሰ ገበዝ ፊልጶስም ተከተሏቸው። ሬሳው መደብ ላይ ተገንዟል። ቄሰ ገበዝ መጽሐፉን ዘርግተው ቢያቀርቡላቸው የኔታ በእጃቸው መለሱት።

«ቆይ። መጀመሪያ ልጄን ይቅርታ ልጠይቅ።»

«ስለ ምኑ ነው የሚጠይቁት? የዋሸው ሌላ፣ የጻፈው ሌላ።»

«ሌላው ቢዋሽ፣ ሌላው ቢጽፍ፣ ያመንኩት እኔ ነኝ። ሃያ ዘጠኝ ዓመት አሳድጌው አንዲት ቃል አልተከራከርኩለትም። ደሴ ሲነግረኝ ‹አይ፣ የእኔ ልጅ አያደርገውም› ማለት አቃተኝ፤ ሥርዓቱን ብቻ አሰብኩ። ያቺ የማታውቀው ሴት ከደብረ ታቦር መጥታ ተከራከረችለት።»

መቋሚያቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ተንበረከኩ፤ ግንባራቸውን በመግነዙ ላይ አደረጉ። «ኤፍሬም» አሉ። ከትናንት ጀምሮ ደርቆ የቆየው ዓይናቸው እንባውን አወረደው። ቄሰ ገበዝ ብዙ ጠበቋቸው። እንደማይነሱ ሲያዩ ፍትሐቱን ራሳቸው ጀመሩት።